አፍርሺልኝ

መስከረም 24

ለጉንዳኔ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም ሳልመልስ በመክረሜ ይቅርታ አድርጊልኝ። ታምመሽ ነው ወይ ላልሽው፣ አልታመምኩም። ተቀይመሽ ነው ወይ ላልሽው ግን ዝም ብዬ ባልፈው ይሻለኛል።

ቢሮአችን እንዳለ ነው። መስኮቱ አሁንም አይገጥምም፤ ነፋስ በገባ ቁጥር የመምህርነት ሰልጣኞቼ ወረቀት ወለሉ ላይ ይበተናል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተውሽውን ሥዕል አልደመሰስኩትም። እነዚያ በመስመር የተያያዙት ክቦች እንዳሉ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ላጥፋው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ባለቤቷ አልፈቀደችም አልኳት። ወንበርሽ ላይ የታሪክ መምህሩ መቀመጥ ጀምሯል። ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ደመወዝ ያማርራል፣ ይሄዳል። እኔ የፍልስፍናዋ መምህርት ሰው አጥቼ ከእሱ ጋር ስለ ደመወዝ ስፈላሰፍ ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በሁለተኛው ደብዳቤሽ ውስጥ ያቺ “ባለመነጽሯ” የምትያት ሴት ስንት ጊዜ እንደተነሳች ልቁጠርልሽ? ይቅር፣ ክብሬን ልጠብቅ። በሄድሽበት የምርምር ተቋም ውስጥ ጠረጴዛ ትጋራሻለች፣ እሺ። ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ይሁን፣ ሰው መብላት አለበት። “ሐሳቤን ሳልጨርሰው ትጨርስልኛለች” ያልሽው ግን አንጀቴን አሳረረው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ንግግርሽን መሀል ላይ እየቆረጥኩ የኖርኩት አስተዳደግ አጥቼ መሰለሽ? አንቺ ትገነቢያለሽ፣ እኔ አፈርሳለሁ፤ ሳይፈርስ የቀረውን አብረን እንፈርምበታለን። ጉንዳንና ዝናብ የተባባልነው ለዚህ ነበር። ስልክ ለወሬ፣ ወረቀት ለሥራ ብለን የተማማልነውም ለዚህ ነው፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለማዝንልሽ በስልክ ማፍረስ አይሆንልኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ታፈርስልሻለች ወይስ ትስማማልሻለች?

ዝናብሽ

ጥቅምት 15

ለዝናቤ፣

ቅናት እንዳይመስል ተደርጎ የተጻፈው ቅናትሽ ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ጠፍተሽብኝ ስለነበር በቅናት በኩልም ቢሆን መምጣትሽ አይከፋኝም። ግን የታሪክ መምህሩ ወንበሬ ላይ ምን ይሠራል? አንድ እግሩ የላላ መሆኑን ነግረሽዋል? ካልነገርሽው አትንገሪው፣ ወድቆ ይማር። ይኸው እኔም ቀናሁ፤ አሁን እኩል ነን።

ታፈርሳለች ወይ ላልሽው፣ አታፈርስም። ባለመነጽሯ ትጨምራለች። እኔ አንድ ጡብ ሳስቀምጥ እሷ ሁለት ታስቀምጣለች፤ ማታ ላይ ቀና ስንል ግድግዳ ቆሟል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይላል። ካንቺ ጋር ስንሠራ ማታ ላይ ቀና ስንል የምናየው ፍርስራሽ ነበር። ያም ደስ ይል ነበር፤ ግን ድካሙ ሌላ ነው።

እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እንደሷ ነው። ሽማግሌው ኃላፊያችን ሆን ብለው ሻይ ማፍያ ክፍሉን ለሕንፃው ሁሉ አንድ ብቻ አድርገውታል። ጉንዳን የሚያጠናው፣ ገበያ የሚያጠናው፣ የመኪና መጨናነቅ የሚያጠናው ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ውሃ እስኪፈላ ያወራል። ሙያቸው አይገናኝም፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። ብዙ ትንንሾች እያንዳንዳቸው ትንሽ ነገር ሲያደርጉ፣ አንዳቸውም ያላሰቡት ትልቅ ነገር ከየት ይመጣል? አንዱም ጉንዳን ካርታ የለውም፣ መንገዱ ግን ይሠራል። ወሬም፣ ፋሽንም፣ ሥርዓትም፣ ድንጋጤም እንዲሁ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ወደ መማሪያ ክፍል አምጥቼዋለሁ። ክፍል እንዴት ነው የሚገባው? አንድ ተማሪ አላልኩም፤ ክፍሉ።

ስልክ ላይ እንዳልነግርሽ የሸሸሁት አንድ ነገር አለ። ለአንድ ዓመት ነው የመጣሁት ያልኩሽ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በጥር ሥራዬን በሁሉም ፊት አቀርባለሁ። ከወደዱት ቋሚ ቦታ ይሰጡኛል፤ ካልወደዱት በሐምሌ ሻንጣዬን ይዤ ቢሮአችን በር ላይ ታገኚኛለሽ። ቀድሜ ያልነገርኩሽ ፊትሽን ሳላይ መንገር ስለከበደኝ ነው። ይቅርታ።

ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። ከሰሌዳው ፊት የቆምነው እኔና ባለመነጽሯ ነን። ብቀር ምን ይሰማሻል?

ጉንዳንሽ

ኅዳር 2

ለጉንዳኔ፣

እንኳን ደስ ያለሽ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ይኸው ብያለሁ፤ ከልቤ ሲሆን ደግሜ እልልሻለሁ።

ምን ይሰማሻል ላልሽው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልንገርሽ። ፎቶውን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆሜ መረመርኩት። ባለመነጽሯ ቆንጆ ናት፤ ይህን በደህና ተቀበልኩ። የሳቀችው ባንቺ ቀልድ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ያንንም ዋጥኩ። ከኋላችሁ ያለው ሰሌዳ ግን አልዋጥ አለኝ። ክቦቹ ያንቺ ናቸው፤ በየትም አገር ባያቸው አውቃቸዋለሁ። ቀስቶቹ ግን ያንቺ እጅ አይደሉም። ቀስቶቹን ማን ሣላቸው? እኔ አንድ ቀን ጠመኔ ባነሳ “አንቺ በአፍሽ ብቻ” ብለሽ ከእጄ የነጠቅሽኝን አትርሺ። ለእሷ ጠመኔውን ሰጠሻት ማለት ነው።

ሰው በወንድ ይቀናል። እኔ በቀስት እቀናለሁ። እናቴ ሰሞኑን ምን ሆነሽ ነው የምትገነፍይው ስትለኝ ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ጓደኛዬ ሌላ ሰው ሰሌዳዋ ላይ አስጻፈች ብላት ሐኪም ትጠራብኛለች።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሰልጣኞቼ ሰነፎች ናቸው፣ የታሪክ መምህሩ ገና አልወደቀም። ረቂቁን ላኪው። ቢያንስ እሱን ማንም አይነጥቀኝም።

ዝናብሽ

ኅዳር 22

ለዝናቤ፣

ቀስቶቹ የእሷ ናቸው። የጠየቅሽኝን አልደብቅም። ጠመኔ አልሰጠኋትም፤ ሳልጠብቅ አነሳች፣ እኔም አልነጠቅኳትም። ለምን እንዳልነጠቅኳት ከደብዳቤሽ በኋላ ብዙ አሰብኩ።

ረቂቁ ይኸውልሽ። እንዳይከብድሽ ባጭሩ ልንገርሽ። ኮምፒውተር ውስጥ ክፍል ሠራሁ። ተማሪዎቹ ነጥቦች ናቸው። አስተማሪው የሚነግረው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። የቀረው ነጥብ አጠገቡ ያሉትን ይጠይቃል፣ ብዙዎቹ ያሉትን ይቀበላል። በረድፍ ሲቀመጡ፣ ማለትም እያንዳንዱ የሚያውቀው ግራና ቀኙን ብቻ ሲሆን፣ እውቀቱ ፊተኛው ወንበር ላይ ተኝቶ ይቀራል። ትስስሩን እጨምራለሁ፣ ምንም የለም። እጨምራለሁ፣ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት መስመር ስጨምር ክፍሉ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይበራል። ሁሉም ነጥብ አንድ ቀለም ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ከወንበሬ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ተመላለስኩ።

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው፤ ረድፉን አፍርሱት፣ ሁሉን ከሁሉ ጋር አገናኙት። የትምህርት ባለሥልጣናት ወሬውን ሰምተው ሰው ልከውብናል። ጥር ላይ ካለፈ በመጪው መስከረም በየትምህርት ቤቱ ወንበሩን ሊያዞሩ ነው። እውነተኛ ልጆች ናቸው እንግዲህ፣ ነጥቦች አይደሉም።

ባለመነጽሯ ከላይ እስከታች አንብባ አንድም ስህተት አላገኘችም። እንደዚያ ስትለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እንዳመልሽ፣ ዝናቤ። ሳታዝኚልኝ አፍርሺልኝ።

ጉንዳንሽ

ታኅሣሥ 16

ለጉንዳኔ፣

ረቂቁ ደርሶኛል። የፈተና ጊዜ ስለሆነ ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ግሩም ነው። የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም።

ቀኑ ሲደርስ ሞቅ ያለ ነገር ልበሺ፤ አዳራሽ ይበርዳል። እናቴ ሰላም ትልሻለች።

ዝናብሽ

ጥር 27

ለዝናቤ፣

እህቴ ጋ ደውለሽ እንዴት ሆነላት ብለሽ ጠየቅሽ አሉ። እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም? ስልኬን ታውቂዋለሽ። እሺ፣ ለእህቴ የመለስኩትን ሳይሆን የሆነውን ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ባለመነጽሯ አጠገቤ ነበረች። አነበብኩላት። “ይኸው፣ ጓደኛሽም ወደደችው፣ አሁን ተኚ” አለችኝ። እኔን ግን ያ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። አንቺ እኔን አመስግነሽ አታውቂም። የመመረቂያ ጽሑፌን እንኳ ሁሉም ሲያጨበጭብ አንቺ ስምንተኛው ገጽ ላይ አንካሳ ሐሳብ አለ ብለሽ ድግሴን አበላሽተሻል። እንዲህ ያለች ሴት ግሩም ነው ስትል ወይ ታማለች፣ ወይ ጥላኛለች፣ ወይም የሆነ ነገር አይታ ዝም ብላለች። እናትሽ ጋ ደወልኩ፤ ደህና ነች አሉኝ። ሁለቱ ቀሩ።

ስህተቱን ፍለጋ ገባሁ። ስሌቱን ከሥር ጀምሬ ፈተሽኩት፣ ንጹሕ ነው። ባለመነጽሯን ነይ አብረን እንፈልግ አልኳት። ተቀመጥን። እኔ ምናልባት ይኼ ይሆን ስል፣ እሷ አይመስለኝም ትላለች፤ እኔም እውነትሽን ነው እላለሁ። እሷ ይኼስ ስትል እኔ እሱማ ልክ ነው እላለሁ። እየተስማማን ዋልን። ወደ ማታ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩና አየኋት። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ከዚህች ሴት ጋር ተስማምቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ያልነበረኝን ነገር ይዤ ከአጠገቧ አልተነሳሁም።

ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሜ ክፍሉ ገባው የሚለው ሁሉም ነጥብ አንድ ቀለም ሲሆን ነው። ቀለሙ ትክክለኛው ይሁን አይሁን የትም ቦታ አይጠይቅም። መስማማትን መረዳት ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መሀል ጥቂቶቹን የተሳሳተ መልስ እንዲይዙ አድርጌ ፕሮግራሙን አስነሳሁት፤ ስህተቱም በዚያው ፍጥነት ክፍሉን ሞላው። እንዲያውም ሁሉ ከሁሉ በተገናኘበት ክፍል ውስጥ አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።

ከሽማግሌው ጥቂት ቀን ለመንኩ፣ ሰጡኝ። ወንበር ይዙር ያልኩትን አስቀርቼ ሌላ ነገር አቀረብኩ። ክፍል የሚማረው ሁሉም ሲገናኝ ሳይሆን፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ አዎ ሲሉ ለጊዜው አይ ማለት የሚችሉ ጥቂቶች ሲኖሩበት ነው አልኩ። ከዚያ ሽማግሌው ብድግ ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ቦታውን ሰጥተውኛል። እቀራለሁ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። አይተሽው ነበር?

ጉንዳንሽ

የካቲት 19

ለጉንዳኔ፣

አይቼዋለሁ።

ያየሁትም ወዲያው ነው። ረቂቅሽ ከመድረሱ በፊት በነበረው ሳምንት ሰልጣኞቼን ጨረቃ ለምን እየጎደለች እየሞላች ትሄዳለች ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዷ ረጅሟ፣ ድምፀ ጎርናናዋ፣ የመሬት ጥላ ስለሚያርፍባት ነው አለች። በልበ ሙሉነት ስላለችው አጠገቧ ያሉት ተቀበሉ፣ ከዚያ ከኋላቸው ያሉት፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ጥላው የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ልጅ መስኮቱ ጋ ነበረች። ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና እሷም እጇን አወጣች። ነገ አስተማሪ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ነጥብ አንድ ቀለም ይሆናል የሚለውን ሳነብ፣ የዚያች ልጅ እጅ ሲወጣ ነው የታየኝ። ብዕር አንስቼ ሙሉ ሁለት ገጽ ጻፍኩልሽ። ጽፌ ስጨርስ ቀደድኩት።

ለምን እንደሆነ አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ፤ ግን እኔ ልናገረው። ከወደቅሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ይህችኑ ጥያቄ ይጠይቃታል፣ ታፍራለች፣ ታለቅሳለች፣ በሐምሌ ሻንጣዋን ይዛ በሬ ላይ ትቆማለች፣ እኔም አጽናናታለሁ ብዬ አሰብኩ። ማጽናናቱን ሳይቀር አሰብኩት፤ የምልሽን ነገር ተዘጋጅቼበት ነበር። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባለመነጽሯ ምንም አላገኘችም ያልሽውን ሳነብ የተሰማኝ ደስታ እንዲህ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም። እሷ ያላየችውን እኔ አይቻለሁ። ይህን ይዤ ወር ሙሉ እንደ ሙሽራ ስንጎማለል ነበር።

በመስከረም ወንበራቸው ሊዞርባቸው የነበሩትን ልጆች አንዴም አላሰብኳቸውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። አንቺ እውነተኛ ልጆች ናቸው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አነበብኩት፣ አለፍኩት።

እንግዲህ ሳይንስሽ ይህን ያስረዳኝ። እንድትመጪ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ እዚያው አስቀረሽ። ብናገር ኖሮ ጥቂት ጠጋግነሽው በደህና አቅርበሽ፣ ምናልባት ቦታውን ባታገኚም ትመጪልኝ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር ከአንድ “ግሩም ነው” ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰበብ የለኝም። ቀናሁ፣ አሁንም ቀንቻለሁ።

ዝናብሽ

መጋቢት 14

ለዝናቤ፣

እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ተቆጥታለች ወይ ብለሽ እንደጠየቅሻት እህቴ ነገረችኝ። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን አልፎልኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በቁጣ አይደለም፣ እንዲያ እንዳታስቢ።

ቅናትሽን ይቅር ብየዋለሁ። እኔም በዚያ ወንበር ነገር ከቀልዱ በላይ ነበር የቀናሁት። ብትሰድቢኝ፣ ረቂቁን ቀደሽ ብትመልሺልኝ፣ ከዚያች ሴት ጋር እያለሽ አላነብልሽም ብትይኝ እስቅ ነበር። ግን በዓለም ላይ አንዲት ሴት አይ ስትለኝ የማምናት ነበረችኝ። ያንን አይ ነው የወሰድሽብኝ።

ከእንግዲህ ሥራዬን መጀመሪያ የምታየው ባለመነጽሯ ናት። ካንቺ ስለምትበልጥ አይደለም፤ አትበልጥም፣ ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ። ብዙ ነገር ያመልጣታል። ነገር ግን እሷ ያላየችው ያላየችው ነው። አይታ ዝም አትልም። አሁን አይ ማለት እየተማረች ነው፤ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አንቀጽ አስወጣችኝ። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

ረቂቅ አልልክልሽም። እሁድ እሁድ ግን ደውይልኝ። እናትሽ እንዴት ሆኑ፣ መስኮቱ ተጠገነ ወይ፣ እናውራ። ድምፅሽ ይናፍቀኛል።

እህትሽ

ግንቦት 11

ለጉንዳኔ፣

ይህን ወረቀት አልጠየቅሽኝም። እሁድ እሁድ ስለ አየሩና ስለ እህትሽ ጥርስ ሕመም አውርተን ስልኩን ስንዘጋ ደህና ነኝ ብዬ እቀመጥ ነበር፤ ደህና አልነበርኩም። መልስ አትጻፊልኝ፤ ዝም ብለሽ አንብቢው።

ሥራሽ ታትሞ ቤተ መጻሕፍታችን ደርሷል። የታሪክ መምህሩ ነው ያመጣልኝ። መጀመሪያ የገለጥኩት ምስጋናውን ነው፣ እንደምገልጠው ታውቂያለሽ። የባለመነጽሯን ስም አየሁ፣ ቆሽቴ አረረ። ከዚያ የእሷን ክፍል አነበብኩ። አይ የሚሉት ጥቂቶች የት ቢቀመጡ ይሻላል የሚለው፣ እሱ የእሷ መሆኑን ከአጻጻፉ ለየሁት። ጥሩ ነው። ይህችን ቃል ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሳሁ፤ ግን ጥሩ ነው፣ አሁን የምለው ከልቤ ነው።

የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል ግን ይፈርሳል። ተማሪዎችሽ አንዴ ያወቁትን አይረሱም። ነጥቡ ቀለም ከያዘ እንደያዘ ይኖራል። የኔ ሰልጣኞች ግን የክረምት ዕረፍት ወጥተው ሲመለሱ የያዙት ግማሹን አይሆንም። የሚረሱትም እኩል አይደለም፤ ዝም ብለው የተቀበሉት ቶሎ ይጠፋል፣ ሲያስተምራቸው የዋሻቸውን ሰው ግን ዕድሜ ልካቸውን ያስታውሱታል፤ ከዚያ በኋላ እውነት ቢናገርም አይሰሙትም። ይህን ካላስገባሽ አይ ባዮቹ ከአንድ ዓመት በላይ አይጠቅሙም፤ ራሳቸውም ረስተው ከሌላው ጋር ይደባለቃሉ። ስሌቱን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ እኔ በአፌ ብቻ ነኝ። የት የት እንደሚገባ ግን በጀርባው ላይ ገጽ በገጽ አስፍሬልሻለሁ።

ስጽፈው ስለ ተማሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ይገባሻል፤ እኔም እንዳልገባኝ አልሆንም። ግን ስለ ተማሪዎቹም እውነት ነው። ትምህርት ቤቶቹ አዲሱን ሐሳብሽን መሞከር የሚጀምሩት በመስከረም ነውና ጊዜ አለሽ። ካስተካከልሽው ሥራው ጸንቶ ይቆማል፣ አንቺም እዚያው ትቀሪያለሽ። ይህን አውቄ ነው የላክሁት።

እኔን ለማመን ይቸግርሽ ይሆናል። ለባለመነጽሯ አሳዪያት፣ እሷ ትፈትሸው።

ዝናብሽ